ከአውድማ እስከ አሲድ፦ የጤፍ ብረት እና የናሙና አዘገጃጀት ጥያቄ

በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ብረት አለ? መልሱ አንድ ቁጥር መሆን የነበረበት ይመስላል። ካለብ ባዬ በ2014 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስከዚያ ድረስ የታተሙ ልኬቶችን ሰብስበው ባወጡት ዳሰሳ ግን ነጭ ጤፍ ከ9.5 እስከ 37.7 ሚሊ ግራም፣ ቀይ ጤፍ ደግሞ ከ11.6 ተነስቶ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሳል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግብ ሰንጠረዥ ላልበሰለ ጤፍ የሚሰጠው 7.63 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለው ርቀት ወደ ሃያ እጥፍ ይጠጋል። ዝርያ ይለያያል፣ አፈርና ዝናብም ይለያያል፤ ቢሆንም አንድ ሰብል በተፈጥሮው ብቻ ይህን ያህል አይራራቅም። የልዩነቱ ትልቁ ክፍል የሚፈጠረው መለኪያ መሣሪያው ሳይበራ ነው ብዬ አምናለሁ፦ እህሉ በተወቃበት መሬት፣ በታጠበበት ወይም ሳይታጠብ በታለፈበት ውሃ፣ በተፈጨበት ምላጭ፣ በሟሟበት አሲድ።

ይህን የቤተ ሙከራ ሰዎች የጓዳ ሥራ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በምግብ ሰንጠረዥ ላይ የሰፈረ ቁጥር፣ ዱቄት በብረት ይበልጽግ ወይስ አይበልጽግ፣ ለእርጉዝ ሴቶች የብረት እንክብል በምን ያህል ይታደል ብለው የሚመክሩ ሰዎች እጅ ይገባል። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። የደም ማነስ ወባንና የሆድ ትላትልን ጨምሮ ብዙ ምክንያት አለው። ሆኖም ትልቁን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ጤፍ የሚበላ ሕዝብ ብረት ሊያንሰው አይችልም ብሎ ፋይሉን ሊዘጋው ይችላል።

ክርክሩ የቆየ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ የአሜሪካ የሥነ ምግብ ኮሚቴ ኢትዮጵያ ውስጥ ባካሄደው ቅኝት ሰው በቀን ከምግቡ የሚያገኘው ብረት እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር ይህንኑ ከፍተኛ የብረት መጠን መነሻ አድርገው የኢትዮጵያውያንን ደም መርምረው ውጤቱን በ1968 አሳተሙ። በዚያው ዓመት ኦግሬን እና ጊብሰን ለኢትዮጵያ የሚያገለግል የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ አወጡ። ጤፍ በብረት የታደለ እህል ነው የሚለው ዝና በዚህ ዘመን ሥር ሰደደ። በ1980 አብርሃም በስራት እና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ ዝናውን በቀጥታ ፈተኑት፤ በአሲድ የታጠበው ጤፍ ሲለካ ብረቱ ከሌሎች እህሎች ብዙም የማይርቅ ሆነ። በ1993 ደግሞ ሲኔት የተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ስለ ጤፍ ብረትና ስለ ውዝግቡ አንድ ሙሉ ጽሑፍ አስነበበ። ከዚያ ወዲህም ቁጥሮቹ መራራቃቸውን አላቆሙም። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ብዙ ጽሑፎች ናሙናው ከገበያ ወይም ከማሳ ተነስቶ መሣሪያው እስኪደርስ ምን እንዳጋጠመው በሁለት መስመር ማለፋቸው ነው።

አውድማውን እንየው። መሬቱ ይጠረጋል፣ በእበት ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ነዶው ይበተንበታል፤ በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል። ቀኑ ሲገፋ ልቅላቂው ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ያለው አፈር በሰኮና ይደቅቃል፣ ከምርቱ ጋር ይደባለቃል። ከዚያ በመንሽ ይገለበጣል፣ በላይዳ ለነፋስ ይሰጣል። ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፤ የጤፍ ፍሬ የሚያክለውን የአፈር ቅንጣት ግን ከፍሬው ጋር እዚያው ይተወዋል። ባቄላ ወይም በቆሎ ቢሆን ወንፊት ይለየው ነበር። የአንድ የጤፍ ፍሬ ክብደት ግን 0.3 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ አፈሩና ፍሬው በመጠን እኩያ ስለሆኑ በአንድ ቀዳዳ ያልፋሉ። ፍሬው ደቃቅ በመሆኑም ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገላ አለው፤ አቧራ የሚለጠፍበት ቦታ ከስንዴ ይልቅ ብዙ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ቀይ የደጋ አፈር በክብደቱ 5 በመቶ ብረት ይኑረው እንበል፤ ለቀይ አፈር የተጋነነ ግምት አይደለም። በ1 ኪሎ ጤፍ ውስጥ 5 ግራም አፈር ቢቀር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ አይሞላም፣ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይጨምራል። በ100 ግራም ሲሰላ 25 ሚሊ ግራም ነው፤ ፍሬው በራሱ ሊይዘው ከሚችለው ብዙ እጥፍ። ቤተ ሙከራ ስንገባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለአንድ ልኬት የሚመዘነው ብዙ ጊዜ ግማሽ ግራም ነው። ግማሽ ግራም ንጹሕ ጤፍ፣ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ብረት ቢኖረው፣ 25 ማይክሮ ግራም ብረት ይዟል። ግማሽ ሚሊ ግራም የምትመዝን የዚያ አፈር ቅንጣትም እንዲሁ 25 ማይክሮ ግራም ትይዛለች። ከ1,500 በላይ ፍሬዎች ውስጥ የሁለት ፍሬ ክብደት የማይሞላ አፈር ቢገባ ውጤቱ በእጥፍ ያድጋል ማለት ነው። አንዱ ናሙና በ100 ግራም 5 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 10 ሲያሳይ መሣሪያውን መውቀስ እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

ታዲያ ናሙናው ይታጠብ ወይስ አይታጠብ? በዚህ ላይ ብዙ ተመራማሪ የለመደውን ብቻ ይሠራል፤ መልሱ ያለው ግን በሚጠየቀው ጥያቄ ውስጥ ነው። የዝርያ ማሻሻያ ባለሙያ ተክሉ ከአፈር በሥሩ ስቦ ፍሬው ውስጥ ያስቀመጠውን ብረት ማወቅ ይፈልጋል። ለእሱ አቧራ ጠላት ነው፤ ሳያጥብ ከለካ በብረት የበለጸገች ብሎ የሚመርጣት ዝርያ የቆሸሸችው ልትሆን ትችላለች። የሥነ ምግብ ባለሙያ ጥያቄ ሰው ምን በላ የሚል ነው። እናቶች ጤፉን አንፍሰው፣ አበጥረው፣ ወደ ወፍጮ ቤት ይልኩታል እንጂ በተጣራ ውሃና በአሲድ አያጥቡትም። ስለዚህ ናሙናው ቤት ውስጥ የሚደረግለት ሁሉ ሊደረግለት፣ የማይደረግለት ሊቀርለት ይገባል። የወፍጮውም ብረት ቢሆን ለዚህ ጥያቄ የምግቡ አካል ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች የተለያየ ቁጥር ቢያገኙ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው ቁጥሮቹ የምን መልስ እንደሆኑ ሳይጻፍባቸው አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

ማጠቡ ራሱ ወግ አለው። ጤፍ በደቃቅ ወንፊት ላይ ሆኖ በተጣራ ውሃ ሲታጠብ የመጀመሪያው ውሃ ደፍርሶ ይወርዳል፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ይጠራል። ውሃው ጠራ ማለት ግን ፍሬው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ በልጣጩ ስንጥቅና በእትብቱ በኩል የተጣበቀው ይቀራል። ቀጭን አሲድ ይህን ያነሳል፤ ጊዜው ከረዘመ ግን የፍሬውንም የራሱን ማዕድን ይዞ ይወጣል። ጎመንና ሰላጣ ላይ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል፤ የተቆረጠ ቅጠል ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ፖታሲየሙ ይፈስሳል። ስለዚህ ቅጠል ሳይቆረጥ፣ በሚፈስ ውሃ፣ ባጭሩ ይታጠባል፤ በመጨረሻም በተጣራ ውሃ ይለቀለቃል።

ከሁሉ የሚሻለው፣ ለእኔ፣ ይታጠብም አይታጠብም አፈሩ ስንት እንደሆነ የሚናገር ምስክር አብሮ መለካት ነው። ታይታኒየም፣ አልሙኒየምና ቫናዲየም በአፈር ውስጥ በብዛት አሉ፤ ፍሬ ውስጥ ግን ከቁጥር የማይገባ ያህል ጥቂት ናቸው። ጤፉ ውስጥ ታይታኒየም ከፍ ብሎ ከተገኘ አፈር ገብቷል። የዚያው አካባቢ አፈር ከተለካ ደግሞ ስንቱ ብረት ከአፈር እንደመጣ በስሌት ይደረስበታል። መንገዱ ለሁሉም ተክል አይሠራም። የሻይ ተክል አልሙኒየምንና ማንጋኒዝን በራሱ እየሳበ ቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል፤ የውሽውሽን ሻይ ቅጠል በአልሙኒየሙ ቆሻሻ ነው ማለት ሻዩን በተፈጥሮው መክሰስ ይሆናል።

ከማጠብ በኋላ ማድረቅ ይመጣል። ቅጠል ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ኦቨን ይደርቃል፤ እርጥበትን ለማስላት 105 ዲግሪ ይሠራበታል፤ ሜርኩሪ የሚለካ ከሆነ ግን ሙቀት ስለሚያበንነው ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። አቧራ በሚነሳበት ከተማ ናሙናን ደጅ ላይ በፀሐይ ማድረቅ እንደገና ማቆሸሽ ነው።

በማድረቅ ዙሪያ ያለው ከባዱ ጥፋት ግን ወረቀት ላይ የሚፈጸም ነው። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማው የአዲስ አበባ አትክልት ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ኖሯል፤ ፍሥሐ ኢታና በከተማዋ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ስላሉ ብረታ ብረቶች በ2002 ካሳተሙት ወዲህ ብዙዎች ተከትለዋል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል ያስቀመጠው የእርሳስ ጣሪያ በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ሲሆን የሚሰላው በእርጥቡ ቅጠል ክብደት ነው። ቤተ ሙከራ የሚለካው ደግሞ የደረቀውን ዱቄት ነው። ቅጠሉ 90 በመቶ ውሃ ከሆነ፣ በደረቁ 2 ሚሊ ግራም የተገኘበት ጎመን በእርጥቡ 0.2 ነው፤ ከጣሪያው በታች። የደረቁን ቁጥር ሳይቀይር ከኮዴክስ ጋር ያነጻጸረ ሰው ግን ያንኑ ጎመን ከጣሪያው ስድስት እጥፍ በላይ ያለፈ መርዝ አድርጎ ያቀርበዋል። ይህን የምለው የወንዙን ብክለት ለማቅለል አይደለም፤ ብክለቱ እውነት ነው፣ ሊታገሉትም ይገባል። ነገር ግን የገበሬው እንጀራ በአንድ የእርጥበት ስሌት ሊቆረጥ አይገባም፤ በተቃራኒው መንገድ የተሳሳተ ስሌትም ሸማቹን ለእውነተኛ መርዝ አሳልፎ ይሰጠዋል።

መፍጨት ላይም እንዲሁ ሰው የሚከሰስበት ነገር አለ። የማይዝግ ብረት ምላጭ ያለው መፍጫ ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል ይተዋል። ክሮሚየም ደግሞ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ዋነኛ ምልክት ነው። ከፋብሪካ በታች የበቀለ ጎመን በብረት ምላጭ ተፈጭቶ ክሮሚየም ሲገኝበት፣ የፋብሪካው ነው ወይስ የመፍጫው? መልሱን የሚሰጠው ንጹሕ መሆኑ የታወቀ ነገር በዚያው መፍጫ ፈጭቶ መለካት ብቻ ነው። አቅም ያለው የአጌት ሙቀጫ ወይም የዚርኮኒያ መፍጫ ይጠቀማል። የታይታኒየም ምላጭም አለ፤ እሱን የመረጠ ግን ታይታኒየምን የአፈር ምስክር አድርጎ መጥራት አይችልም። የተፈጨው ዱቄትም ዕቃው ውስጥ ሲቀመጥ ከባዱ የአፈር ቅንጣት ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከላይ የተመዘነውና ከታች የተመዘነው አንድ አይሆኑም። ከእያንዳንዱ ምዘና በፊት ማገላበጥ ያስፈልጋል።

አሁን አሲዱ ጋ ደርሰናል። የማዕድን መለኪያ መሣሪያ፣ አቶሚክ አብዞርፕሽንም ሆነ አይሲፒ፣ በተለመደው አሠራር የሚቀበለው ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ ዱቄቱ መሟሟት አለበት። አንደኛው መንገድ ማቃጠል ነው፦ ዱቄቱ በክሩሲብል ሆኖ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ በፈርነስ ውስጥ አመድ ይሆናል፣ አመዱ በአሲድ ይሟሟል። ርካሽ ነው፣ ብዙ ናሙና በአንዴ ያስተናግዳል። ሙቀቱ ካለፈ ግን እርሳስና ካድሚየም መብነን ይጀምራሉ፤ አርሴኒክና ሜርኩሪማ ከዚያም በፊት ይሄዳሉ። ሁለተኛው መንገድ በትኩስ አሲድ ነው። ዱቄቱ ላይ ናይትሪክ አሲድ ሲፈስስበት ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ቡናማ ጭስ ይወጣዋል። ጠንቃቃ ሰው ሌሊቱን አሳድሮት ጠዋት ቀስ ብሎ ያሞቀዋል፤ የቸኮለ ሰው ናሙናውን በአረፋ ያጣዋል። በመጨረሻ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም ፐርክሎሪክ አሲድ ሲጨመር ቡናማው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው እንደ ውሃ ወደ ጠራ ፈሳሽ ይለወጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ለዓመታት የቡና፣ የጫት፣ የሻይና የሌሎች ምግቦች ናሙና የተሟሟው በአብዛኛው በዚህ መንገድ፣ በኬልዳል ማሞቂያ ላይ ነው። የአሲዱ ድርሻ፣ ሙቀቱና ሰዓቱ ለእያንዳንዱ የምግብ ዓይነት ተፈትኖ ይወሰናል። ውድ መሣሪያ በሌለበት ጥሩ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየ ትጋት ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ፐርክሎሪክ አሲድን ግን መፍራት ያስፈልጋል። ናይትሪኩ ዱቄቱን አስቀድሞ ሳይጨርሰው ከደረሰበት ሊፈነዳ ይችላል፤ ትነቱም በተራ የጭስ መሳቢያ (ሁድ) መተላለፊያ ውስጥ ተከማችቶ ለሌላ ቀን አደጋ ያስቀምጣል። ከ1975 ጀምሮ የመጣው የማይክሮዌቭ ዘዴ በተዘጋ ዕቃ፣ በጥቂት አሲድ፣ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል፤ የሚበንን ነገርም አያመልጥም። ዋጋውና መለዋወጫው ግን ለብዙ ቤተ ሙከራዎቻችን ሩቅ ነው።

የጠራ ፈሳሽ ሁሉም ነገር ሟሟ ማለት አለመሆኑ ጤፍን በተለየ ይመለከተዋል። ናይትሪክ አሲድ የአፈር ሲሊኬትን አያፈርስም፤ ከቱቦው ሥር ነጭ ደቃቅ ነገር ይቀራል። እሱን የሚያሟሟው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ ለእጅም ለአጥንትም አደገኛ ስለሆነ ጥቂቶች ብቻ ይነኩታል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የቆሸሸ ጤፍ ለሁለት ቤተ ሙከራዎች ቢላክ፣ አንዱ የአፈሩን ብረት ከፊሉን፣ ሌላው ሙሉውን ሊቆጥር ይችላል። ሁለቱም ሥራቸውን በሥርዓት ሠርተው ሁለት የተለያየ ውጤት ይዘው ይመጣሉ።

በዚህ መሃል የሚያድነው የማመሳከሪያ ናሙና ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሐምፍሪ ቦወን በ1960 ብዙ የጎመን ቅጠል አድርቀው፣ ፈጭተውና አደባልቀው ለልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች አደሉ፤ ሁሉም አንድ ዱቄት ለክተው እንዲተያዩ። የቦወን ጎመን እየተባለ ታወቀ። ዛሬ ከአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የፖም ቅጠል፣ የኮክ ቅጠል፣ የሩዝ ዱቄት ይዘቱ ተረጋግጦ ይሸጣል። ብዙ የአገራችን ጽሑፎች ግን በዋጋው ምክንያት የሚተማመኑት ናሙናው ላይ የታወቀ መጠን ያለው ፈሳሽ ጨምሮ መልሶ በማግኘት ነው። 98 በመቶ ተመለሰ ይባላል። የተጨመረው ብረት ግን ከመጀመሪያውም የሟሟ ነበር፤ በሲሊኬት ውስጥ የታሰረው መውጣት አለመውጣቱን ሊመሰክር አይችልም። የኢትዮጵያ ቤተ ሙከራዎች በጋራ የጤፍ ማመሳከሪያ ዱቄት ቢያዘጋጁ ይህን ክፍተት የሚደፍን ነገር ይኖረናል፤ ጤፍን በፖም ቅጠል መመዘንም ይቀራል።

ብላንክ ደግሞ ያለ ናሙና ሙሉውን ሂደት ያለፈ አሲድ ነው፦ ያው ዕቃ፣ ያው ሙቀት፣ ያው ማጣሪያ ወረቀት። ዕቃው በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ሌሊቱን ካልተዘፈዘፈ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ጓንት ከተደረገ፣ ቁጥሩ ይከዳል። ለእርሳስ ይህ የሞት ሽረት ነገር ነው። ሴትልና ፓተርሰን በ1980 ሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ ሌላ ቤተ ሙከራ በአንድ የባሕር ዓሣ ሥጋ ውስጥ አገኘሁ ያለው እርሳስ፣ በንጹሕ ክፍል ሲለካ ከሺህ እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። ቀሪው የመጣው ከአዘገጃጀቱ ነው። ወደ እህል ስናመጣው፦ የኮዴክስ ጣሪያ ለእህል በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም እርሳስ ነው። ግማሽ ግራም ዱቄት ሟሙቶ 50 ሚሊ ሊትር ሲሞላ፣ በጣሪያው ላይ ያለ እህል በሊትር 0.002 ሚሊ ግራም ብቻ ይሰጣል። በነበልባል የሚሠራው አቶሚክ አብዞርፕሽን ለእርሳስ ማየት የሚጀምረው ከዚያ አምስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። እንዲህ ባለ አሠራር እህል ከጣሪያው በታች ነው ወይም በላይ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የግራፋይት ፈርነስ ወይም አይሲፒ ማስ ይጠይቃል።

ወደ ጤፍ ልመለስ። የአፈሩ ብረት ከንቱ ነው ብሎ መጣልም አይገባም። ሀብታሙ ጉጃ እና ካለብ ባዬ በ2018 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ኒውትሪሽን ላይ እንዳወጡት፣ የደም ማነስ ባለባቸው አይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ከአፈር የመጣ ብረት ለሂሞግሎቢን መመለስ አስተዋጽኦ አድርጓል። ስለዚህ ጥያቄው ከጠቅላላው ብረት ስንቱ ከፍሬው፣ ስንቱ ከአፈሩ፣ ከአፈሩስ ስንቱ ወደ ደም ይገባል ወደሚል ይዘረዘራል። ይህን ጠቅላላውን ብቻ ጽፎ ባለፈ ሰንጠረዥ መመለስ አይቻልም። አሁን ደግሞ የመውቂያ ማሽን በየቦታው እየገባ፣ በሬና አውድማ እየቀሩ ነው። ምርቱ ይጸዳል፤ ከእንጀራው ጋር ሲበላ የነበረው የአፈር ብረትም አብሮ ይቀንሳል። ለውጡ ሳያልቅ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ግልጽ ነው። ከአንድ ገበሬ ማሳ፣ ከአንድ ዝርያ የተሰበሰበ ጤፍ ግማሹ በአውድማ፣ ግማሹ በማሽን ይወቃ። ሁለቱም ታጥበውም ሳይታጠቡም ይለኩ፤ ታይታኒየማቸውም አብሮ ይመዝገብ፤ የማሳውና የአውድማው አፈር በከረጢት ታሽጎ ለየብቻ ይቀመጥ። ይህን በሸዋ፣ በጎጃምና በትግራይ ቀይና ጥቁር አፈር ላይ ደጋግሞ መሥራት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የሁለት የምርት ወቅት ሥራ ነው።